የበራዱ ኖራና የምንጩ ውሃ

ተነጋጋሪዎቹ አክስትና የወንድም ልጅ ናቸው። አክስት ሞጣ ከተማ ውስጥ ሻይ ቤት አላቸው፤ የወንድም ልጅ ቢቸና ኬሚስትሪ ያስተምራል። ሁለቱ ከተሞች በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። በአንድ ወገን ጮቄ ተራራ፣ በሌላው ወገን የዓባይ ሸለቆ ያዋስናቸዋል።

አክስት፦ እሰይ፣ እንኳን ደህና መጣህልኝ። ከቡናው በፊት ግን ይህን በራድ እይልኝ። ለፋሲካ ነው አዲሱን ያወጣሁት፤ አሁን ሆዱ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበታል። በማንኪያ ስፍቀው ጥቂት ይረግፋል፣ የቀረው ሙጭጭ ብሏል። አንድ ደንበኛዬ አይቶ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ነው ኩላሊት ገብቶ ጠጠር የሚሆነው» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሻይ በቀዳሁ ቁጥር ሰው የምጎዳ እየመሰለኝ ተጨንቄያለሁ።

መምህር፦ ታዲያ ምን ሊያደርጉ አሰቡ?

አክስት፦ የመጠጡንና የሻዩን ውሃ ከታች ከምንጩ ላስቀዳ ነዋ። በጀሪካን ከሚያመላልስ ልጅ ጋርም ተነጋግሬያለሁ። ያ ውሃ እንባ የመሰለ ነው። ሳሙና ገና ሲነካው አረፋው ይገነፍላል። የቧንቧው ግን ሳሙና ይበላል፤ ነጠላ ሳጥብበት አረፋ ሳይሆን ነጭ ዝቃጭ ነው የሚንሳፈፍብኝ።

መምህር፦ እትዬ፣ ልጁን «ይቅር» ይበሉት። በራዱ ላይ ያለው ነጭ ነገር አይጎዳዎትም። ምንጩ ግን ሊጎዳዎት ይችላል።

አክስት፦ ዓይኔ እያየ? አንዱ ድንጋይ ሲሠራ፣ ሌላው ጥርት ብሎ ሲወርድ?

መምህር፦ ከድንጋዩ ልጀምርልዎት። ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ማዕድን የለበትም ማለት ይቻላል። መሬት ውስጥ ሲሰርግ አፈሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሥሩና ትሉ የሚተነፍሰውን አየር ማለቴ ነው፣ ይዞ ይወርድና በጣም ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። በዚያ ላይ ዓመታት ሙሉ በድንጋይ ስንጥቅ መካከል ይጓዛል። ድንጋዩን በዝግታ ያሟሟዋል፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይጭናል። እነዚህ ሁለቱ የበዙበትን ውሃ ነው ጠንካራ ውሃ የምንለው። ሲጠጡት አይታዩም፤ ሟሙተዋል። እርስዎ በራዱን ሲጥዱት ግን ያ የተሸከመው አየር ይወጣል፣ አየሩ ሲወጣ የሟሟው ካልሲየም የሚይዘው ያጣና ተመልሶ ድንጋይ ሆኖ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። በራዱ ላይ ያለው ኖራ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

አክስት፦ ኖራ? ቤት የሚቀባው?

መምህር፦ ቤት ላይ ተቀብቶ አየር ሲያገኝ የሚደርቀው ራሱ ነው። ሰባራ ድልድይን ያውቁት የለ? በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከሞጣ ወደ በጌምድር መሻገሪያ ሆኖ ዓባይ ላይ የተሠራው፣ በጣልያን ጊዜ ቅስቱ የፈረሰው። ድንጋዩን ከድንጋይ ያያዘው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል፣ በውሃ ይቦካል፣ በድንጋዮቹ መካከል ከአየሩ ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። በእርስዎ በራድ ውስጥ የተቀመጠው የዚያው ዓይነት ነው።

አክስት፦ ድልድይ ያቆመ ነገር ኩላሊቴን ለምን አይደፍነውም ታዲያ? እንዲህ ስትነግረኝ ይበልጥ ፈራሁ እኮ።

መምህር፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚሁ ነው። በበራድ የሚሆነው ግን በኩላሊት አይሆንም። ኖራው የሚለጠፈው ውሃው ስለሚፈላ ነው፤ ሰውነታችን ውስጥ የሚፈላ ነገር የለም። የጠጡት ካልሲየም ከጨጓራ አሲድ ጋር ይገናኛል፣ ከወተትና ከጤፍ እንደሚገባው ካልሲየም ሆኖ ይቀጥላል። በቁጥር ላሳይዎት። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ለጥንካሬ ያስቀመጠው ወሰን በኖራው ክብደት ተቆጥሮ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ነው። ያ ሁሉ ካልሲየም ብቻ ቢሆን እንኳ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም 120 ሚሊ ግራም ነው። ዐዋቂ ሰው በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለጥንካሬ ከጤና አንጻር የወሰነው ጣሪያ የለም፤ የሚያነሣው ጣዕሙንና ዕቃ ላይ የሚያደርሰውን ብቻ ነው።

አክስት፦ ጠጠሩስ ከየት ይመጣል? ጎረቤቴ በቀዶ ሕክምና አስወጥታለች።

መምህር፦ አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ነው፤ ካልሲየሙና ኦክሳሌቱ ሽንት ውስጥ ሲገናኙ ይበቅላል። ዋናው ምክንያት ውሃ ትንሽ መጠጣት ነው፤ ሽንቱ ይወፍራል። ጨው ማብዛት፣ ሙቀት፣ በዘር የሚመጣም አለ። የሚገርመው ደግሞ ከምግብ ጋር የገባ ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞት ስለሚወጣ፣ ካልሲየምን ፈርቶ መራቅ ጠጠርን ሊያበዛ ይችላል። ሐኪም ለጎረቤትዎ «ውሃ አብዝተሽ ጠጪ» ብሏት ይሆናል እንጂ «ጠንካራ ውሃ አትጠጪ» ያላት አይመስለኝም።

አክስት፦ አብዝተሽ ጠጪ ነው ያላት፤ እውነትህን ነው። ልጄ አዲስ አበባ ያለችው ግን በራዷ ነጭ ነገር ይዞት አያውቅም። እዚያ ሄጄ አይቻለሁ።

መምህር፦ ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ግድብ የሚደርሳት ከሆነ ነዋ። የግድብ ውሃ ዝናብ የተጠራቀመበት ስለሆነ ድንጋይ ውስጥ ብዙ አልቆየም፣ ለስላሳ ነው። በዚያው ከተማ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚጠጡት ሰዎች ደግሞ በራዳቸው እንደ እርስዎ ነው የሚሆነው። ከዚያ የባሰውን ማየት ከፈለጉ ድሬዳዋ ይሂዱ፤ ከተማዋ የምትጠጣው ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የወጣ ውሃ ነው፣ ቧንቧው ውስጥ ሳይቀር ይጋገራል። መቀሌም እንደዚያው የኖራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ናት። እኛ ከእነርሱ እንሻላለን።

አክስት፦ ለምን እኛ ተሻልን?

መምህር፦ የጮቄ ልጆች ስለሆንን። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ የድሮ እሳተ ገሞራ ነው። ከቢቸና እስከ ሞጣ የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ከዚያ የፈሰሰ ነው። ሙጋም፣ ሱሃም፣ ጨሞጋም ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ባዛልት ካልሲየም አለው፣ ግን እንደ ኖራ ድንጋይ ቶሎ አይሟሟም፤ ስለዚህ ከጥቁር ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛ ነው፣ በራድ ይቀባል እንጂ ቧንቧ አይደፍንም። አሁን ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ሲወርዱ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡ። መጀመሪያ ጥቁሩ ድንጋይ ነው፤ ዝቅ ሲሉ አሸዋማው፣ ከዚያ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጀሶ ያለበት ይመጣል። ደጀን ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው በዚያ ኖራ ምክንያት ነው። እኛ ከላይ ጥቁሩን ለብሰን ተቀምጠናል፤ ከሥራችን ኖራና ጀሶ አለ። ሸለቆው ውስጥ ዝቅ ብሎ የሚመነጭ ውሃ ስለዚህ ይጠነክራል። የጀሶው ደግሞ ቢያፈሉትም አይለቅም፤ የኖራው ሲፈላ ይወርዳል፣ የጀሶው ግን እዚያው ይቆያል።

አክስት፦ እሺ፣ አይገድልም በለኝ። ግን አያስቸግርም አትበለኝ። ባቄላ ለንፍሮ ስጥድ ከጧት እስከ ቀትር እሳት እማግድበታለሁ፣ ቆዳው ይደርቃል እንጂ አይፈርስም። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ውሃ ስቀቅለው ግን ወዲያው ይበስላል።

መምህር፦ ትክክል ነዎት። ካልሲየሙ የባቄላውን ቆዳ የሚያያይዘውን ነገር ያጠነክረዋል፣ ስለዚህ እህል ቶሎ አይበስልም። እንጨቱ የሚያልቀው፣ ከሰሉ የሚያልቀው በዚህ ነው። ሳሙናውም እንዲሁ፤ ሳሙና መጀመሪያ ካልሲየሙን ይዞ ዝቃጭ ይሆናል፣ ካልሲየሙ ሲያልቅ ነው አረፋ የሚጀምረው። ኪስ ይጎዳል፣ ይህን አልክድም። ግን ለዚህ መላ አለው። ለባቄላው ውሃውን አስቀድመው አፍልተው ያሳድሩት፣ ኖራው ይወርዳል፣ ከላይ ያለውን ቀድተው ይቀቅሉበት። ልብስ በቆርቆሮ ውሃ ይጠቡ። በራዱን አቼቶ ወይም ሎሚ ከውሃ ጋር አድርገው ያፍሉበት፣ ይለቃል። በማንኪያ አይፋቁት፣ ብረቱን ይቧጭረዋል።

አክስት፦ አያቴ ነጠላዋን በእንዶድ ነበር የምታጥብ። እንዶድ ምንም ዓይነት ውሃ ቢሆን ያረፋል።

መምህር፦ ያረፋል! የእንዶድ አረፋ የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ነገር ነው፣ ካልሲየም እንደ ሳሙና አያስረውም። እንዶድን ዓለም ያወቀው ደግሞ በሌላ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ነበሩ። አያትዎ ሲያጥቡ የዚያን ያህል ነገር በእጃቸው ይዘው ነበር።

አክስት፦ አያቴን ካነሣህ ልንገርህ። ያቺ ሴትዮ እድሜዋን ሙሉ የጠጣችው ከምንጭ ነው። ቧንቧ የሚባል አታውቅም። ሰማንያ ዓመት አልፏት ነው የሞተችው። አንተ ግን ምንጩ ይጎዳሻል ትለኛለህ።

መምህር፦ እትዬ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ስንት ልጅ ወለዱ? ስንት አሳደጉ?

አክስት፦ … ዘጠኝ ወልዳ አራት አሳድጋለች። የቀሩት በሕፃንነታቸው ነው የሄዱ። ሁሉንም ውሃ ገደላቸው ግን አይባልም።

መምህር፦ አይባልም። ኩፍኝም፣ ወባም፣ ረሃብም ነበር። ነገር ግን የሕፃን ተቅማጥ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር፤ ያ ደግሞ በውሃና በእጅ ነው የሚመጣ። ሰማንያ የደረሰ ሰው እኛ ፊት ተቀምጦ ይታየናል፤ በሁለት ዓመቱ የሄደውን ግን አናየውም፣ ስለዚህ ምንጩ ጥሩ ነበር ብለን እንደመድማለን።

አክስት፦ ምንጩ ውስጥ ምን አለ ነው የምትለኝ? ቆሻሻ ቢኖርበት አይደፈርስም ነበር?

መምህር፦ ከምንጩ በላይ ምን አለ?

አክስት፦ የከብት መዋያ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቶች አሉ።

መምህር፦ መፀዳጃ አላቸው?

አክስት፦ ያለውም የሌለውም አለ።

መምህር፦ ዝናብ ሲመጣ እንግዲህ ሁሉም ወደ ምንጩ ይወርዳል። ተቅማጥ የሚያመጣው ተሕዋስ ውሃውን አያደፈርስም፣ አይሸትም፣ ሳሙናን አረፋ አይከለክልም። ደረጃው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ግማሽ ብርጭቆ በማይሞላ ውሃ ውስጥ፣ ኢ. ኮላይ የሚባለው የሰገራ ምልክት አንድ እንኳ እንዳይገኝ ያዛል። አንድ ሺህ ቢኖሩበትም ውሃው እንባ መስሎ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1854 ሎንዶን ውስጥ ብሮድ ስትሪት የሚባል ጎዳና አካባቢ ኮሌራ ሲገባ፣ የሰፈሩ የእጅ ፓምፕ ውሃ በጣዕሙ የተመሰገነ ነበር። ሌላ ሰፈር የምትኖር አንዲት ባልቴት ጣዕሙን ስለወደደችው በጠርሙስ እያስመጣች ትጠጣ ነበር፤ በዚያው ኮሌራ ሞተች። ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው በውሃ እንደሚሄድ ያሳየው በእንደዚህ ዓይነት ሞቶች ነው። ለምን ሩቅ እንሄዳለን፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ ገብቶ የነበረውን ሰምተዋል። ጠበሉን እየነቀፍኩ አይደለም። ብዙ ሺህ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰፍርና መፀዳጃ ሲያንስ፣ ያ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ የማንም ይሁን የማን ይበከላል።

አክስት፦ ስለ ጠበል እንዲህ በጥንቃቄ መናገርህ ጥሩ ነው። እናስ፣ ምንጭ ሁሉ ይተው ነው የምትለው?

መምህር፦ በፍጹም። የጎለበተ ምንጭ ከብዙ ጉድጓድ ይሻላል። ዓይኑ በድንጋይና በሲሚንቶ ከተሸፈነ፣ ውሃው በቱቦ ከወጣ፣ ከላዩ የጎርፍ መውረጃ ከተቆፈረለት፣ ዙሪያው ታጥሮ ከብት ካልገባ፣ እኔ ራሴ እጠጣዋለሁ። የእርስዎ ምንጭ ግን ዓይኑ ክፍት ነው፤ ሰው ጀሪካኑን ነክሮ ይቀዳል።

አክስት፦ ነክሮ ነው የሚቀዳው፣ አዎ። ግን እኔም የምነግርህ አለኝ። የቧንቧው መቼ ነው የሚታመነው? አንዳንዴ ቀናት ጠፍቶ ይቆይና ሲመጣ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ሲጠራ ደግሞ በረኪና በረኪና ይሸታል። ደንበኛ ብርጭቆውን አሽትቶ ይመልሰዋል።

መምህር፦ ቡናማው ላይ እስማማለሁ፤ ከጥንካሬው ይልቅ እርሱ ነው መፈራት ያለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሁሉ እንዲህ ነው። ቧንቧው ሙሉ ሲሆን ግፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ ተሰንጥቆ ቢሆን ውሃ ይፈሳል እንጂ ቆሻሻ አይገባም። ሲጠፋ ግን ባዶው ቧንቧ ይስባል፤ በአጠገቡ ያለ የጭቃ ውሃ፣ የመፀዳጃ ፍሳሽ ሳይቀር በስንጥቁ ይገባል። ሲመጣ የመጀመሪያው ውሃ ያንን ሁሉ ጠርጎ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሲመጣ ቶሎ ብለው ወደ መጠጥ ጀሪካን አይቅዱት። መጀመሪያ የወረደውን ለወለል ማጠቢያ ይያዙት፣ እስኪጠራ ይጠብቁ።

አክስት፦ እኔ እንዳይጠፋብኝ መጀመሪያ የመጣውን ነበር የምቀዳው።

መምህር፦ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ጠፍቶ ስለሚቆይ ነው እንጂ ማንስ ይጠላል መጠበቅ። የበረኪናው ሽታ ግን ጠላት አይደለም። ክሎሪን ነው፤ ከማጠራቀሚያው ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ የሚገባውን ተሕዋስ እንዲገድል ሆን ተብሎ የሚተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ቧንቧውን ሲከፍት ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይኑርበት ይላል። ትንሽ ከሸተተዎት ውሃው የሚጠብቀው ነገር አለው ማለት ነው። ክዳኑን ከፍተው ጥቂት ቢያቆዩት ሽታው ይቀንሳል።

አክስት፦ እና ሽታው የጠፋ ዕለት ነው መፍራት ያለብኝ?

መምህር፦ እንደዚያ ቢያስቡት ይሻላል። በተለይ የቧንቧው መስመር መጨረሻ ላይ ላለ ሰው፤ ክሎሪኑ በመንገድ እያለቀ ስለሚሄድ የመጨረሻው ቤት ላይደርስ ይችላል።

አክስት፦ እኔስ ሻይ ስለማፈላ ደህና ነኝ። ሰምተህ እንደሆነ እዚህ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል ይላሉ፣ መፍላት አይደለም ይላሉ።

መምህር፦ እውነት ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ እዚህ ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ለንፍሮ ያ ይጎዳል፤ ለተሕዋስ ግን 92 ከበቂ በላይ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ላለን ሰዎች የሚመከረው ተንፈቅፍቆ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው። ስለዚህ ሻይዎ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከሻዩ ጋር በነጻ የሚሰጡት ብርጭቆ ውሃ ነው። እርሱ አልፈላም።

አክስት፦ ውይ! እርሱን አላሰብኩትም። ሁሉም ሰው እኮ መጀመሪያ እርሱን ነው የሚጠጣው።

መምህር፦ በዚያ ላይ ጀሪካኑ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ የቤተሰብ ጥናቱን ሲያካሂድ ውሃም አስመርምሮ ነበር፤ ከተቀዳበት ቦታ ይልቅ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ውሃ ብሶ ነው የተገኘው። ውሃው የሚበላሸው በእጅ፣ በጣሳ፣ ባልታጠበ ጀሪካን ነው። ጣሳ አይንከሩበት፤ ቧንቧ ያለው ባልዲ ወይም ጠባብ አፍ ያለው ዕቃ ይያዙ፣ አጋድለው ይቅዱ። ጀሪካኑን በየሳምንቱ ጠጠርና ሳሙና አድርገው ይነቅንቁት። ለብርጭቆው ውሃ ደግሞ ውሃ አጋርን የመሰለ ማከሚያ ይግዙ፤ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው ሠላሳ ደቂቃ ያቆዩት። ገንዘብ ሲያጥርም ፀሐይ አለች፤ የጠራ ውሃ በሃይላንድ ሞልተው ቆርቆሮ ላይ ስድስት ሰዓት ያስተኙት፣ ጨረሯ ተሕዋሱን ይገድላል። ሐምሌና ነሐሴ ግን በደመናው ምክንያት ሁለት ቀን ይፈልጋል።

አክስት፦ ስለዚህ የፈላ ሁሉ ንጹሕ ነው?

መምህር፦ ለተሕዋስ አዎ። ለሌላው አይደለም። እኛ አገር የምንዘራው ጤፍና ስንዴ ዳፕና ዩሪያ ይፈልጋል፤ ከዩሪያውም ከመፀዳጃ ጉድጓዱም ናይትሬት ወደ ውሃ ይወርዳል። ናይትሬት ቢያፈሉት አይጠፋም፤ ውሃው እየተነነ ሲቀንስ እንዲያውም ይወፍራል። ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን አደገኛ ነው፣ ወሰኑም በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ስምጥ ሸለቆ ላይ ደግሞ ፍሎራይድ አለ። ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ለዓመታት ከጉድጓድ እየጠጡ ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፣ የአንዳንዱ አጥንት ተጣመመ። ያ ውሃ በራድ ላይ ምንም አልጻፈም። ቧንቧውም ራሱ ያለ ችግር አይደለም። አሜሪካ ፍሊንት የሚባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ወንዝ ውሃ ተዛወረ፤ ውሃው ቧንቧን የሚበላ ነበር፣ መከላከያውን ሳይጨምሩበት ቀሩና ከአሮጌዎቹ ቧንቧዎች እርሳስ እየፋቀ ለልጆች አጠጣ። ቧንቧ ውስጥ ስስ ሆኖ የተቀባ ኖራ አንዳንዴ ብረቱን ይሸፍናል፤ የእርስዎ ነጭ ቅርፊት ያን ያህል ጥቅም አለው።

አክስት፦ አንተ ልጅ፣ አሁን ነገሩ ገባኝ። የሚያስፈራው ሁሉ የማይታይ ነው ካልክ፣ እኔ በምን ዓይኔ ልየው? በራዱን ሳየው ቢያንስ አንድ ነገር አውቅ ነበር። አሁን እርሱን ከእጄ ነጠቅኸኝ፤ በምትኩ ምን ሰጠኸኝ? ሳሙና ዘልዝዬ በሁለት ሃይላንድ ብነቀንቅ ጥንካሬውን አውቃለሁ። ኢ. ኮላይውን በምን ልነቅንቅ?

መምህር፦ በምንም። እርሱ ላቦራቶሪ ይፈልጋል፤ ናሙናው በንጹሕ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ፣ በጊዜ መድረስ አለበት። ክሎሪኑ ግን ቀላል ነው፤ አንዲት ክኒን ትንሽ ውሃ ላይ ይጥሉባታል፣ ውሃው ሮዝ ከሆነ አለ፣ ካልሆነ የለም። ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ልጆች በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሠሩት ይችላሉ። ጥንካሬውንም ክፍል ውስጥ እንለካዋለን፤ ኢዲቲኤ ጠብ ጠብ እያደረግን ቀዩ ሰማያዊ እስኪሆን።

አክስት፦ እኔ ክኒን አልጠየቅሁህም። እኔ ሻይ ስንት እንደሆነ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያለሁ፣ ሰው ሳይጠይቀኝ ያነባል። ውሃውን የሚለኩ ሰዎች አሉ አይደል? ለኩት እንበል። ለምን ቁጥሩ ቦኖው ላይ አይለጠፍም? ለምን ቀበሌ በር ላይ አይለጠፍም? ለምን በበዓል ቀን በድምፅ ማጉያ አይነገርም? ሰውዬው «ኩላሊት ይገድላል» ሲለኝ የማመሳክርበት ነገር ቢኖረኝ ወደ ምንጩ ለምን እሄዳለሁ?

መምህር፦ ይሄን ነው ማለት የነበረብን። ሰው ቁጥር ሲያጣ በቅርፊት ይፈርዳል። በሽታም የሚገባው በዚያ ነው፤ ንጹሑን ጥሎ ወደ ክፍቱ ምንጭ ሲወርድ። የላብራቶሪ ውጤት ፋይል ውስጥ ተቀምጦ የሚጠቅመው ሰው የለም። ሌላ አገር የውሃ ድርጅት ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የመረመረውን እንዲነግር በሕግ ይገደዳል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ወረቀት ቦኖው አጥር ላይ ቢለጠፍ ምንም ወጪ የለውም።

አክስት፦ ጻፍ እንግዲህ። ወረቀትና እስክሪብቶ ከመደርደሪያው ላይ አለ። እዚህ ሞጣ እኔ ለቀበሌው እሰጣለሁ፤ ቢቸና ደግሞ አንተ ትሰጣለህ። በትሕትና ጻፈው፤ የውሃ ሠራተኞቹም እኮ ሰው ናቸው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ የሚቆፍሩ ልጆች ናቸው።

መምህር፦ «ክቡራን፣ የምንጠጣውን ውሃ በተመለከተ…» ምን አስቀድም?

አክስት፦ ከቧንቧው መጨረሻ ያለው ቤት ጋ ክሎሪን ይደርሳል አይደርስም?

መምህር፦ አንደኛ። ሁለተኛ ኢ. ኮላይ፤ በክረምቱ መጀመሪያ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ የተቀዳ ናሙና ይሁን፣ የባሰው ያን ጊዜ ነውና። ሦስተኛ ናይትሬት። አራተኛ፣ ውሃ የሚቋረጥበትና የሚመለስበት ሰዓት አስቀድሞ ይነገር።

አክስት፦ አምስተኛ፣ ምንጯን ያጎልብቱልን። ውሃ ሲጠፋ ሰው እዚያ መውረዱ አይቀርም፤ አጥርና ክዳን ይሥሩላት።

መምህር፦ ጨምሬዋለሁ። ሌላ?

አክስት፦ ጥንካሬውንም ጻፈው።

መምህር፦ አይጎዳም ተባብለን?

አክስት፦ አይጎዳም። ግን ለባቄላው ስንት እንጨት እንደምገዛ ማወቅ እፈልጋለሁ። ስድስተኛ አድርገህ ጻፈው፣ ከዚያ በራዱን አምጣና አቼቶ ጨምርበት።